ብሶት ተቀባይ ሲታጣ፦ የሟች ወላጅ ናፍቆትና የሥራ ውሎ በደሴና በኮምቦልቻ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ሁለት የአየር ጠባይ ያገናኛል። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ስትሆን ኮምቦልቻ በቦርከና ወንዝ ዳር በ1,850 ሜትር አካባቢ ትገኛለች። ስለዚህ ጠዋት በሚኒባስ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት የሚወርድ ሠራተኛ በደሴ ብርድ የለበሰውን ሹራብ ጠመዝማዛውን ሲጨርስ ያወልቀዋል፤ ማታ ሲመለስ ደግሞ መልሶ ይለብሰዋል። እኔ በዚህ መንገድ ስመላለስ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። አባቴ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ካስተዋልኳቸው ነገሮች ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ አንድ ነው፦ አባቴ አብዝቶ የሚናፍቀኝ በዓል ሲሆን ወይም ፎቶግራፉን ሳይ አይደለም፤ በሥራ ቦታ አንድ ነገር አበሳጭቶኝ ማታ ሐረጎን ስወጣ ነው።

ነገሩ የእኔ ብቻ መስሎኝ ለረጅም ጊዜ ለማንም አልተናገርኩትም ነበር። በኋላ ግን በኮምቦልቻ በአንድ የስፌት ፋብሪካ የምትሠራ ጎረቤቴ የራሷን አጫወተችኝ። እናቷን ወረባቦ ቀብራ ከተመለሰች ከሰባት ወር በኋላ ተቆጣጣሪዋ በሰው ፊት ስለጮኸችባት ሽንት ቤት ገብታ አልቅሳለች። "የተቆጣጣሪዋ ነገር አይደለም ያስለቀሰኝ፤ ማታ ለእማዬ እነግራታለሁ ብዬ ካሰብኩ በኋላ መሞቷ ትዝ ሲለኝ ነው" አለችኝ። ደሴ ውስጥ በመምህርነት የሚያገለግለው የአክስቴ ልጅም የደመወዝ ስሌቱ ተሳስቶ ሦስት ቢሮ በተመላለሰበት ቀን፣ በሞት ለተለየው አባቱ ሊደውል ስልኩን አውጥቶ ስሙን ፈልጎ እንደነበር ነግሮኛል። የሦስታችንም ሥራ የተለያየ ነው (እኔ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነኝ)፤ ዕድሜያችንም እንዲሁ። የሚያመሳስለን ሐዘናችን ከለቅሶው ድንኳን ይልቅ በሥራ ብሶት በኩል መምጣቱ፣ በዚያ በኩል በመጣ ጊዜ ደግሞ ሐዘን ነው ብሎ የሚያውቀው ሰው መጥፋቱ ነው።

ይህ ከለቅሶ ባህላችን መላላት የመጣ ነው ማለት አይቻልም። ወሎ ለቅሶን ያውቅበታል። በሌላው አገር እድር የሚባለው በእኛ ዘንድ ቅሬ ነው፤ የቅሬው ጥሩምባ በተነፋ ሰዓት ድንኳን ይተከላል፣ ወንበርና ጀሪካን ይወጣል፣ መቃብር ይቆፈራል፣ ሐዘንተኛው ግን እጁን እንዲያነሣ እንኳ አይፈቀድለትም። በብዙ ሰፈር ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቅሬ ይቀባበራሉ። በእኛ ቤት የአባቴ ወገን ሙስሊም፣ የእናቴ ወገን ክርስቲያን ስለሆነ አባቴ የሞተ ቀን ጀናዛውን ለማድረስ ከተሰለፉት መካከል የእናቴ ወንድሞችና የአጥቢያው ጎረቤቶቻቸው ነበሩበት። የሸኾቹ ዱአ ባለቀ ጊዜ አንዲት የሰፈራችን አሮጊት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡና እናቴን አቅፈው "አብሽሪ" አሏት። ይህ ቃል በወሎ ደስታም ሐዘንም ሲመጣ የሚባል ቢሆንም በለቅሶ ቤት ያለውን ክብደት የሚያውቀው የተባለለት ሰው ነው።

ባህሉ ለሐዘን ቀን ቆጥሮ ሰጥቶታል። በኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ዘንድ ሠልስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅና ሙት ዓመት ይታሰባሉ፤ አርባው ከሁሉ ይበልጣል። በእስልምና ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ኢዳ ስትቀመጥ ለሌላ ዘመድ የሚያዝን ሰው ከሦስት ቀን እንዳያልፍ ታዝዟል። በእነዚህ ቀኖች ሐዘንተኛው ብቻውን አይሆንም፤ ንፍሮው ይቀቀላል፣ ዱአው ወይም ፍትሐቱ ይደረጋል፣ ሰው ይመጣል። እኔ ለዚህ ሥርዓት ያለኝ አክብሮት አባቴን ከቀበርን ወዲህ ጨምሯል፤ ያለ እሱ እናቴ እነዚያን ሦስት ቀናት እንዴት እንደምታልፋቸው ማሰብ ይከብደኛል። ይሁን እንጂ ተቆጣጣሪዋ ጎረቤቴ ላይ የጮኸችው በአርባው ቀን አልነበረም። በሰባተኛው ወር፣ ማንም ቀን በማይቆጥርበት ተራ ማክሰኞ ነበር።

ሕጉም የሚያውቀው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 81 ለቤተሰብ ጉዳይ ስለሚሰጥ ፈቃድ ሲደነግግ፣ ወላጁ የሞተበት ሠራተኛ ደመወዝ የሚከፈልበት የሦስት የሥራ ቀን ፈቃድ እንዲያገኝ ያዝዛል። ከዚህ በተጨማሪ ልዩና ከባድ ሁኔታ ሲያጋጥመው ደመወዝ የማይከፈልበት እስከ አምስት ተከታታይ ቀን የሚደርስ ፈቃድ መውሰድ ይችላል፤ ይህም በአንድ የበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። ሌላ ቀን የሚያስፈልገው ከዓመት ፈቃዱ ላይ ይቀነስለታል፤ የዓመት ፈቃዱ በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ሲሆን በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን እየተጨመረበት ይሄዳል። በወረቀት ላይ ይህ መጥፎ አይደለም። ሦስቱ ቀን ከሠልስት ጋርም፣ ከሦስቱ የእስልምና የሐዘን ቀናት ጋርም ይገጥማል። ወላጆቹ ወገል ጤና ወይም መካነ ሰላም ላሉበት የኮምቦልቻ ሠራተኛ ግን ከሦስቱ ቀን ጥቂት የማይባለው በመንገድ ያልቃል፤ መርዶ የተነገረው በሞት ማግሥት ከሆነ ደግሞ ቀብሩ ላይ አይደርስም።

ሌላው ብዙም የማይነሣ ጉዳይ ሞት ራሱ የሚያመጣው የቢሮ ሥራ ነው። የሞት የምስክር ወረቀት ማውጣት፣ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ መጠየቅ፣ የሟቹን የጡረታ አበል ለሚስቱ ማዛወር፣ የባንክ ሒሳብ ማስከፈት ሁሉም በሥራ ሰዓት ብቻ የሚከናወኑ ናቸው፤ አንዳቸውም በሦስት ቀን አይጠናቀቁም። እኔ የእናቴን የጡረታ ጉዳይ ለመጨረስ አራት ወር ፈጅቶብኛል። በእያንዳንዱ መስኮት የአባቴን ሙሉ ስምና የሞተበትን ቀን በአዲስ ቅጽ ላይ ጻፍኩ፤ የአለቃዬን ፈቃድ በጠየቅሁ ቁጥር ደግሞ "ይህ የአባትሽ ጉዳይ ገና አላለቀም እንዴ?" የሚል ጥያቄ መመለስ ነበረብኝ። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ በእሱ ስሌት ለቅሶው ካለቀ ቆይቷል።

ታዲያ ትንሽ የሥራ ብስጭት የሞተን ወላጅ የሚያስነሣው ለምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ እስካሁን ካነበብኳቸው ሁሉ አጥጋቢ ሆኖ ያገኘሁት በ1990 በፈረንጆች ያረፈው እንግሊዛዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆን ቦውልቢ የሰጠው ማብራሪያ ነው። ቦውልቢ እንዳስተማረው ሕፃን ልጅ ሲፈራ፣ ሲደክመው ወይም ሲያመው የሚያደርገው የመጀመሪያ ነገር ወደ ወላጁ መሮጥ ነው፤ ደኅና ሲሆን ግን ትቶት ሊጫወት ይሄዳል። ይህ ባሕርይ በልጅነት ተጀምሮ በልጅነት የሚያልቅ ሳይሆን መልኩን እየቀየረ ከሰው ጋር ዕድሜ ልክ ይኖራል። አዋቂው አይሮጥም፤ ይደውላል፣ ወይም ማታ ቤት ሲገባ ይናገራል። እንግዲህ ባሕርዩ የሚቀሰቀሰው በጭንቀት ሰዓት ከሆነ፣ ወላጅ የሞተበት ሰው ወላጁን አጥብቆ የሚፈልገው በተደሰተበት ቀን ሳይሆን በተዋረደበት፣ በደከመበትና በፈራበት ቀን ይሆናል ማለት ነው። ልብ በለመደው መንገድ ሄዶ በሩ ዝግ ሆኖ ሲያገኘው ብሶቱ እንዳለ ይቀራል፤ ሞቱም እንደ አዲስ መርዶ ይነገረዋል። ጎረቤቴን ሽንት ቤት ያስገባት ይህ ነው።

ከዚህ አንጻር ስናየው ወላጅ ማለት አሳዳጊና መካሪ ብቻ አይደለም። ለብዙ ሠራተኛ የቀኑ ውሎ የሚራገፍበት ሰው ነው። አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። በወጣትነቱ የሠራው ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አድርጎ አሰብ በሚገባው መስመር ላይ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር በ1990 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲጀመርና አሰብ ሲዘጋ እንደ ሌሎቹ ሹፌሮች ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ። እኔ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ማታ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ "በይ እንግዲህ፣ ዛሬስ ማን አናደደሽ?" ይለኝ ነበር። እነግረዋለሁ። ምክር አይሰጥም። እኔ ስጨርስ እሱ ሎግያ አጠገብ ጎማ ፈንድቶበት ሁለት ቀን ሙሉ በዚያ ሙቀት ያደረበትን፣ ወይም አንድ የሚዛን ሠራተኛ በከንቱ ሲያመላልሰው የዋለበትን ይነግረኛል፤ መጨረሻ ላይ "አብሽሪ የኔ ልጅ" ብሎ ወደ ሬዲዮው ይመለሳል። በአለቃዬ ላይ ያለኝ ቅሬታ በዚህ አይፈታም፤ በማግሥቱ ጠዋት ግን ሐረጎን ስወርድ አብሮኝ አይወርድም።

እናቴ በሕይወት አለች፤ ዕድሜ ይስጣት። ለእሷ ግን ብሶት አይነገርም። ልጄ ከሥራ ልትባረር ነው ብላ ሌሊቱን ስታስብ ታድራለችና፣ ስገባ "እንዴት ዋልሽ?" ስትለኝ "አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና" ብዬ አልፋለሁ። ይህን የማነሣው አንዱ ወላጅ የሌላውን ቦታ ይሸፍናል የሚለው የለቅሶ ቤት ማጽናኛ ሁልጊዜ እንደማይሠራ ለማሳየት ነው። እያንዳንዱ ወላጅ የሚቀበለው የራሱ ወሬ ነበረው።

ያልተራገፈ ብሶት በሥራው ላይ የሚያስከትለውም አለ። ሐዘን እንቅልፍን ያውካል፣ ትኩረትን ይበትናል፣ የቅርብ ጊዜ ማስታወስን ያደክማል፤ ይህ በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው። እንቅልፍ ያጣች ሰፊ ስፌቷን ታዛንፋለች፤ ትኩረቱ የተበተነ ሒሳብ ሠራተኛ 69ን 96 ብሎ ይጽፋል። ስሕተቱ ተግሣጽን ያመጣል፤ ተግሣጹ ናፍቆቱን ይቀሰቅሳል፤ ናፍቆቱ እንቅልፍ ይነሣል። ንዴትም ከዚህ አይለይም፤ ንዴት የሐዘን አንዱ መልክ ስለሆነ ሐዘንተኛው በአለቃው ወይም በባለጉዳይ ላይ ከነገሩ መጠን በላይ ሊቆጣ ይችላል። ያን ጊዜ የሚሰጠው ስም "ጠባዩ ተበላሽቷል" ነው። አባቱ ከሞተ ስድስት ወር የሆነውን ሰው ጠባይ ከአባቱ ሞት ጋር የሚያገናኝ የግል ማኅደር እስካሁን አላየሁም።

የሁለቱን ከተሞች ሁኔታ የሚያከብደው ደግሞ ያለፍንበት ዘመን ነው። በ2014 ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ እጅ ሲቀያየሩ ብዙ ሰው ተሰደደ፣ ፋብሪካዎችና የጤና ተቋማት ተዘረፉ፣ ወደሙ። በዚያ ወር ወላጁን ያጣ ሰው ጥሩምባ አልተነፋለትም፤ ድንኳን አልተተከለለትም፤ አንዳንዱ መርዶውን በስደት ላይ ሆኖ በስልክ ሰማ። ሲመለስ የጠበቀው ለቅሶ ሳይሆን የተዘረፈ መሥሪያ ቤት ጠረጋ ነበር። ወዲያው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ አገራችን በአጎዋ ወደ አሜሪካ ገበያ ከቀረጥ ነፃ የማስገባት ዕድሏን ስታጣ ልብስ ሰፍተው ወደ ውጭ የሚልኩ ፋብሪካዎች ላይ ሌላ ጫና መጣ። ሥራው ነገ ይኑር አይኑር የማያውቅ ሠራተኛ ተጨማሪ የሐዘን ቀን አይጠይቅም፤ ሲያለቅስም ሽንት ቤት ገብቶ ነው።

እስካሁን የጻፍኩት ሥራ የሐዘን ጠላት ነው የሚያሰኝ ከሆነ ልክ አይሆንም። በአራተኛው ቀን ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቴ ስመለስ የተሰማኝ አንዱ ስሜት እፎይታ ነበር። ለሦስት ቀን ስለ አባቴ ብቻ ሲወራ ከዋለበት ቤት ወጥቼ የዕቃ መጠየቂያ ወረቀት መቁጠር አሳረፈኝ፤ ማረፌ ደግሞ አሳፈረኝ። ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት የተባሉ በኔዘርላንድስ የሠሩ ተመራማሪዎች በ1999 በፈረንጆች ያቀረቡት ሐሳብ ይህን ኀፍረት አቅልሎልኛል። እነሱ እንደሚሉት ሐዘንተኛ በሁለት ጎዳና ይመላለሳል፤ አንዴ ወደሞተበት ሰው ፊቱን አዙሮ ያለቅሳል፣ ያስታውሳል፤ አንዴ ደግሞ ፊቱን መልሶ አዲሱን ኑሮ፣ ሥራውንና የቤት ኃላፊነቱን ያደራጃል። ጤናማው ነገር ከሁለቱ አንዱን መርጦ መቆየት ሳይሆን መመላለሱ ራሱ ነው። እኛ ግን በለቅሶ ቤት ሁለተኛውን ጎዳና እንከለክላለን፣ በመሥሪያ ቤት ደግሞ አንደኛውን። ሐዘንተኛው የሚመላለስበት መንገድ በሁለቱም ጫፍ ይዘጋል።

መሥሪያ ቤት ውስጥ ጎዳናውን ከሚዘጉት ነገሮች አንዱ "ወግ ነው" የሚለው አስተያየት ነው። በዕድሜው የገፋ ወላጅ ሲሞት "በልጆቹ እጅ ተቀበረ፤ ወግ ደረሰው" ይባላል። እውነት ነው፤ በዚያው በ2014 ልጆቻቸውን የቀበሩ ወላጆች ባሉበት አገር አባቴን በእጃችን መቅበራችን ጸጋ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን አባባሉ ለሟች ክብር የተነገረ ሆኖ ሳለ በሕይወት ያለውን ዝም ማሰኛ ሲሆን ትርጉሙ ይለወጣል። አሜሪካዊው ምሁር ኬኔት ዶካ በ1989 በፈረንጆች ኅብረተሰቡ እውቅና የማይሰጠው፣ በአደባባይ ሊለቀስ የማይቻል ሐዘን ስላለው ጠባይ ጽፎ ነበር። የሠላሳ ስድስት ዓመት ሴት የሰባ ዓመት አባቷ በሞተ በሁለተኛው ዓመት በሥራ ሰዓት ብታለቅስ የሚጠብቃት ይህ ነው፦ ሐዘኗ ሐሰት ነው የሚላት የለም፤ ጊዜው አልፏል ግን ትባላለች።

"እርሺው" የሚለውም ምክር እንዲሁ ነው። በፈረንጆቹ ዘንድ ራሱ ሐዘን የሚያልቀው ከሟች ጋር ያለው ግንኙነት ሲቆረጥ ነው የሚለው አመለካከት ለአሠርት ዓመታት ከቆየ በኋላ፣ በ1996 በእነሱው አቆጣጠር ዴኒስ ክላስና ባልደረቦቹ ብዙ ሐዘንተኞች ከሟቹ ጋር ያላቸውን ትስስር መልኩን ቀይረው እንደሚቀጥሉትና ይህም ሕመም እንዳልሆነ አሳዩ። ወሎ ይህን ለማወቅ 1996ን መጠበቅ አላስፈለገውም። ሰው ሲሞት ሥራው ከሦስት ነገሮች በቀር ይቋረጣል፤ እነሱም ቀጣይ ሰደቃ፣ ጠቃሚ ዕውቀትና ዱአ የሚያደርግለት መልካም ልጅ ናቸው የሚለውን ሐዲስ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ በእናቴ ወገን ያሉት ዘመዶቼም በተዝካሩ የሟቹን ስም ጠርተው ያበላሉ፣ ያጠጣሉ። ልጅ ለሞተ አባቱ የሚያደርገው ነገር አለ ማለት ነው። የሚቀረው ሌላው ወገን ነው፤ አባት ለልጁ ያደርገው የነበረው የማታው ማዳመጥ በሰደቃም በተዝካርም አይተካም።

ናፍቆቱ ሁሉ ሕመም እንዳልሆነ ከተናገርኩ አንዳንዱ ሕመም መሆኑንም መናገር ይገባኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 መጀመሪያ በፈረንጆች ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ምደባ የተራዘመ ሐዘንን ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ አስፍሮታል፤ ለዚህም ብርቱው ናፍቆት ቢያንስ ስድስት ወር መቆየቱን፣ ከኅብረተሰቡ ልማድ በግልጽ ማለፉንና የሰውየውን ኑሮና ሥራ ማሰናከሉን ይጠይቃል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በዚያው ዓመት ለአዋቂ ያስቀመጠው ጊዜ 12 ወር ነው። በ2017 በፈረንጆች ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ አድርጎ የመረመረ ትንተና ሕመሙ ከአሥር ሐዘንተኛ አዋቂዎች በአንዱ ገደማ እንደሚታይ ገምቷል። በየቀኑ ከአልጋ መነሣት ያቃተው፣ ሞቱን ፈጽሞ ማመን ያልቻለ፣ መኖር ትርጉም ያጣበት ወይም ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ ሰው "አብሽር" ተብሎ መታለፍ የለበትም፤ ወደ ጤና ተቋም የሥነ አእምሮ ክፍል መሄድ ይገባዋል። ጸበሉንም ዱአውንም ሳይተው ሐኪም ማየት ይችላል።

ከአሥሩ ዘጠኙ ግን ሐኪም ሳይሆን በሥራ ቦታው ትንሽ ቦታ የሚያስፈልገው ነው። እኔ በበኩሌ ሦስቱ ቀን ሠላሳ ይሁን አልልም፤ ብዙ ድርጅት ያን እንደማይችል አውቃለሁ፣ ብዙ ሐዘንተኛም ቤት መቀመጡ አይጠቅመውም። ሦስቱ ቀን ግን በአንድ ጊዜ ካለቁ በኋላ ለቢሮ ጉዳዮችና ለመታሰቢያ ቀናት የግማሽ ቀን ፈቃድ ያለ ልመና እንዲገኝ ማድረግ ለአንድ ድርጅት ከባድ ወጪ አይደለም። የለቅሶ ፈቃዱን ጨርሶ ለተመለሰ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቆጠራ፣ የገንዘብ ርክክብና ከማሽን ጋር የተያያዘ አደገኛ ሥራ ብቻውን አለመስጠት ለድርጅቱም ይጠቅማል፤ ጠፍቶ የሚፈለግ ዕቃ ይቀንሳል። የቅርብ አለቃው የሞተበትን ወር መዝግቦ በስድስተኛውና በአሥራ ሁለተኛው ወር "እንዴት ነህ?" ቢለው ምንም አያወጣም። በብዙ መሥሪያ ቤት የሠራተኞች እድር አለ፤ ከደመወዝ ላይ እየተቆረጠ ለቀብር የሚሆን ገንዘብ ይሰጣል፣ በአውቶቡስ ለቅሶ ያደርሳል። ይህ እድር ገንዘቡን ከሰጠ በኋላም ሥራ ቢኖረው፣ ለምሳሌ ሐዘንተኛው ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ወር ሁለት ሰው ልኮ ቡና ቢያጠጣው፣ ቅሬ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያደርገውን ወደ ተራዎቹ ቀናት ማሻገር ይቻል ነበር። ከሁሉ የምመኘው ይህን ነው፤ ምክንያቱም ድንኳን መትከል ያወቀ ሕዝብ ይህን ማወቅ አይከብደውም።

ባለፈው ሰኔ መጨረሻ የዓመቱ ቆጠራ ሲካሄድ በእኔ ግምጃ ቤት 14 ኩሽኔታ ጎደለ። ኮሚቴው ሁለት ቀን ሙሉ አቆመኝ፤ በአለቃዬ ፊት "ሰው የሚያምንሽ ዕቃ ለማውጣት ነው እንዴ?" የሚል ቃል ተሰነዘረብኝ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ኩሽኔታዎቹ በትክክል ወጥተው የዕቃው ገቢና ወጪ በሚመዘገብበት ቢን ካርድ ላይ ብቻ ሳይጻፉ እንደቀሩ የወጪ ማዘዣው ተገኘ። ሁሉም ወረቀቱን ሰብስቦ ወጣ፤ ይቅርታ ያለ የለም። ማታ ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጬ አባቴን እያሰብኩ ነበር፤ ኩሽኔታ ምን እንደሆነ፣ 14 ኩሽኔታ ስንት ብር እንደሚያወጣ፣ በስርቆት መጠርጠርም ምን እንደሚመስል ለእሱ ማስረዳት አያስፈልግም ነበርና። ሐረጎ በጉም ተሸፍኖ ነበር።

አጠገቤ የተቀመጡት የድርጅታችን ገንዘብ ያዥ እትዬ ናቸው፤ እናታቸውን ከቀበሩ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። ጥቂት ዝም ብለው ከሄዱ በኋላ "ሰማሁ፤ በይ ከመጀመሪያው ንገሪኝ" አሉኝ። ስጀምር አቋረጡኝና "ቆይ፣ ኩሽኔታ ምንድን ነው?" አሉ። በእጄ ክብ ሠርቼ፣ ጎማው ያለ ማነቅነቅ እንዲዞር የሚያደርገውን ብረት አባቴ እንዳሳየኝ አድርጌ አሳየኋቸው። ጥያቄያቸው ብዙ ስለነበር ደሴ መናኸሪያ ስንደርስ ገና የኮሚቴው የመጀመሪያ ቀን ላይ ነበርኩ፤ ሹራባችንን ለብሰን ወረድንና ቀሪውን በእግር እየሄድን ጨረስኩላቸው።